በደቦ የጀመርነው፣ በወንፈል የሚያልቀው፦ የእንቦጭ ታሪክ ከቆቃ እስከ ጣና፣ ከጣና እስከ ሀዋሳ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አሞራ ገደልን አለፍ ብሎ ባለው የሐይቁ ዳር፣ ሃያ የምንሆን ወጣቶች ሱሪያችንን እስከ ጉልበታችን ጠቅልለን ውሃው ውስጥ ገብተናል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰናል። ከዳር የበቀለውን አረንጓዴ ነገር በሙሉ እየነቀልን ጆንያ ውስጥ እንከታለን። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዷ ቪዲዮ ትቀርፃለች። እንቦጭ እየነቀልን ነው። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የመሰለን።

አሥራ አራተኛው ጆንያ ላይ ስንደርስ፣ እዚያው አጠገብ መረባቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ብድግ ብለው መጡ። ጆንያውን ከፍተው አዩ።

«ልጆቼ፣ ምን በድሏችሁ ነው የዓሣውን ቤት የምታፈርሱት?» አሉን።

«ጋሼ፣ እንቦጭ እኮ ነው» አልኳቸው፤ በሙሉ ልብ።

«የቱ ነው እንቦጭ? ይሄ ፊላ ነው። ያኛው ቄጠማ ነው። እኔ ልጅ ሆኜም እዚሁ ነበሩ።» እጃቸውን ወደ ሐይቁ ዘረጉ። «ቆሮሶ ጫጩቷን የምትደብቀው እዚህ ውስጥ ነው። ይሄን ነቅላችሁ ስትጨርሱ እኔ ምን ላጠምድ ነው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አሥራ አራት ጆንያ ሙሉ የሐይቁን ባለቤቶች ነቅለን ጸሐይ ላይ አስጥተናል። ፎቶው ደግሞ ቀድሞ ተለጥፏል፣ «ላይክ» እየሰበሰበ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ የወለደው። እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለ ዕፅዋት ያለኝ እውቀት ከሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አያልፍም። ሀዋሳ ተወልጄ፣ ሐይቁ ዳር አድጌ፣ ፊላን ከእንቦጭ መለየት አልቻልኩም። ታዲያ እንቦጭ የሚለውን ስም፣ «ተነሱ እንንቀል» የሚለውን ስሜት ከየት አመጣሁት? መልሱ ቀላል ነው፤ ከጣና። የእኔ ትውልድ እንቦጭን የሚያውቀው በስልኩ ስክሪን ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ስክሪኑን ከሞላው ዘመቻ። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ለማየት ወሰንኩ። ከሥሩ ሲታይ ደግሞ ታሪኩ የሚጀምረው ጣና ላይ አይደለም።

አበባው

እንቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አገሩ የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው። እዚያ የሚበሉት ነፍሳት፣ የሚያሳምሙት ሻጋታዎች፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚጠርገው የወንዝ ጎርፍ አለ፤ ስለዚህ ልኩን ያውቃል። ችግሩ ቆንጆ መሆኑ ነው። ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ፣ በመካከሉ ቢጫ ነጥብ፣ ከሥሩ አየር የተሞላ እንደ ፊኛ ያበጠ ግንድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንና አሜሪካውያን አይተው ወደዱት፤ ለአትክልት ሥፍራ ኩሬያቸው ማስጌጫ አድርገው ከአገር አገር ይዘውት ዞሩ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሱዳን ውስጥ ነጭ ዓባይ ላይ ታየ። ማንም በክፋት አላመጣውም። አበባ ወዳድ ሰዎች ናቸው የበተኑት።

ወደ እኛ አገርስ? በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያ መዝገብ እ.ኤ.አ. የ1965 ነው፤ ቦታው ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ። ቆቃ በተፈጥሮ ሐይቅ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀ የኤሌክትሪክ ግድብ ነው። እስኪ አስቡት፤ የወረራ ካሳ ግድብ ሆነ፣ ግድቡ ፈሳሹን አዋሽ አቁሞ ረጋ ያለ ውሃ ፈጠረ፣ ረጋ ያለው ውሃ በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ለሌላ ወራሪ አልጋ ሆነለት። ከቆቃ ሥር ያለው የወንጂ ሸንኮራ እርሻም በመስኖ ቦዮቹ ውስጥ ይህንኑ አረም ለረጅም ዓመታት ሲታገል ኖሯል።

ይህን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ጣና ላይ እስኪደርስ ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነበረን። አረሙ ከአዲስ አበባ የመቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ ወደ ደቡብ የሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ አበባውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ሁሉ በአውቶብስ መስኮት በኩል ሲያየው ኖሯል። ግን ያኔ ስሙም ዜና አልነበረም።

የማባዛት ሰንጠረዥ

ወደ ጣና ከመሄዳችን በፊት አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ሙያዬ ነውና ፍቀዱልኝ።

እንቦጭ በዘርም ይራባል፣ በቅርንጫፍም ይራባል። ተመቻችቶለት ሙቀትና በቂ ምግብ ካገኘ፣ የሸፈነውን ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ማድረግ ይችላል። አሁን አንድ የሐይቅ ዳር በእንቦጭ ተሸፈነ እንበል። ሺህ ሰው ወጣና ከመቶው ዘጠናውን ነቀለ። ድንቅ ሥራ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚታየው ንጹህ ውሃ ነው። የቀረው አሥር በመቶ ግን በሁለት ሳምንት ሃያ፣ በአራት ሳምንት አርባ፣ በስድስት ሳምንት ሰማንያ ይሆናል። ሰባተኛው ሳምንት ሳያልቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«እንግዲያው ጠንክረን ዘጠና ዘጠኝ በመቶውን እንንቀል» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ። አንዷ በመቶ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት እያለች በአሥራ አራተኛው ሳምንት ሐይቁን ዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። ማለትም በዘጠና እና በዘጠና ዘጠኝ መካከል ያለው ያ ሁሉ ላብ የሚገዛልን አንድ ወር ተኩል ያህል ጊዜ ነው። በተግባር ነፋሱ፣ ወቅቱና የውሃው ጠባይ ሒሳቡን ያዘገዩታል ወይም ያፈጥኑታል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ዘሩ አለ። የእንቦጭ ዘር ከውሃው ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ሐይቁ በበጋ ሸሸት ሲልና ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ የሚጠብቅ ዘር ማለት ነው።

የዚህ ሒሳብ መልስ አንድ ነው። ወሳኙ ቁጥር ስንት ሰው ወጣ የሚለው ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ መጣ የሚለው ነው።

ጣና

እ.ኤ.አ. በ2011፣ በእኛ አቆጣጠር 2003 እና 2004 ገደማ፣ እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ታወቀ፤ በሰሜን በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ። ጣና ከሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሲያስገባው፣ አረሙ አስቀድሞ ገብቶ ቤቱን ሠርቶ ነበር።

መጀመሪያ ያዩት አርሶ አደሮቹና ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው፤ የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከም፣ የፎገራ ሰዎች። መረብ ሲጣል አረም ይዞ ይወጣል፣ ታንኳ መንገድ ያጣል፣ ከብት ውሃ መጠጫ ያጣል። መጀመሪያ የነቀሉትም እነሱ ናቸው፤ ካሜራ ሳይመጣ፣ ጓንት ሳይኖር፣ በባዶ እጅ። እጅ ያሳክካል፣ አልቅት ይነክሳል። አረሙ ጥላ የሚሆንለት ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ይህን ሥራ በነፃ ሠሩት። ጎርፍ ቢመጣ የሚታገሉ ሰዎች ናቸውና «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ቃል ለራሳቸው የተጠቀሙበት አይመስለኝም።

ሌሎቻችን የደረስነው ዘግይተን፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ በተቃውሞና በውጥረት ላይ ነበረች። በዚያው ጥቅምት ወር ከሁለት መቶ በላይ የኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ባሕር ዳር ሄዱ። ጣና የእኛ ነው እንደማለት ነው። በዚያ ዓመት የክልል ስም የጠብ ስም በሆነበት ሰዓት፣ የአንዱ ክልል ልጆች የሌላውን ክልል አረም ሊነቅሉ ጭቃ ውስጥ ገቡ። ወዲያው በወሩ መጨረሻ የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ የመሩት ልዑክ ባሕር ዳር ገባ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ፖለቲካ የመጣውን ለውጥ ሲተርኩ ብዙ ሰዎች ከዚያች ሳምንት የሚጀምሩት በምክንያት ነው።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ዶርም ውስጥ በአንድ ስልክ ዙሪያ ስድስት ሆነን ቪዲዮውን ያየንበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ከመካከላችን አንዱ አለቀሰ። አልቀለድንበትም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ዘመተ። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አርቲስቱ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው የአረም ማጨጃ ማሽን ገዝተው ላኩ። ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ማሽን ለመሥራት የሞከሩ ነበሩ። በጥቅምት 2013 ደግሞ አንድ ወር የሚፈጅ ሌላ ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ።

እና እንቦጩ? ቀነሰ፣ ተመለሰ። ቀነሰ፣ ተመለሰ።

ደቦ እና ወንፈል

ይህን ሳስብ ከሁለት ቃላት ላይ ደረስኩ። ሁለቱንም የማውቃቸው አያቴ ቤት ገጠር ክረምት ሳሳልፍ ነው።

ደቦ አለ። ቤት ልትሠራ ወይም እህል ልታጭድ ስትፈልግ ሰፈሩን ትጠራለህ። ጠላው ይጠመቃል፣ ምግቡ ይሠራል፣ ሕዝቡ ይመጣል፣ በዘፈን በሆታ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። ሁሉም ቤቱ ይገባል። ደቦ ደስ ይላል።

ወንፈል ደግሞ አለ። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ ታርማለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አርማለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሁለታችንም ሦስተኛው ዘንድ እንሄዳለን። ቁጥራችን ትንሽ ነው፣ ጠላው ላይኖር ይችላል፣ ግን መቅረት የለም። የቀረ ሰው ዕዳ አለበት። ወንፈል ደስታው ሳይሆን ተራው ነው የሚያቆመው።

ጣናን በደቦ ዘመትንበት። አረሙ የሚጠይቀው ወንፈል ነበር።

ይህን ስል ዘማቾቹን ለመውቀስ አይደለም፤ አንዱ እኔ ነኝና። ጉዳዩ የታሪካችን ልማድ ነው። ዘመቻ የሚለው ቃል መጀመሪያ የጦርነት ቃል ነው፤ ክተት ተብሎ ተወጥቶ፣ ተዋግቶ፣ ወደ ቤት የሚመለሱበት። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላክም ቃሉ ይኸው ነበር። ጠላት አለ፣ ቀን ተቆርጧል፣ እንዘምታለን። አረም ግን እንደ ጠላት ጦር አይሸነፍም። እጁን አይሰጥም፣ ቃል ኪዳን አይፈርምም። አረም ወቅት ነው።

ያም ሆኖ ከዘመቻዎቻችን መሐል ይህን የተረዳ አንድ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። የሥርዓቱን ክፉ ሥራ ማንም አይረሳም፤ ግን ይህ ዘመቻ አንድ ጊዜ ተወጥቶ የሚቀር አልነበረም። በዙር ነበር የሚካሄደው፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር እየተባለ ከአሥር ዓመት በላይ። ያልተማረው በሚቀጥለው ዙር ይደርሰዋል፣ የተማረው እንዳይረሳ ይከልሳል። ዘመቻ ተብሎ ተጠራ እንጂ አሠራሩ የወንፈል ነው።

የጣናን ችግር ያከበደው ሌላም ነገር አለ። እንቦጩ የሚስፋፋው ክረምቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ የአዝመራ ወቅት ነው። አርሶ አደሩ ማሳው ላይ ሰብሉ እየደረሰ፣ ሐይቁ ላይ አረሙ እየደረሰ፣ የትኛውን ይተው? በዚያ ላይ ከውሃው የወጣው አረም ዳር ላይ ተከምሮ ሲቀር፣ ሐይቁ ሞልቶ ሲመጣ መልሶ ይወስደዋል። ማሽኑም መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ቋሚ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። አዲስ ሲስተም ሲመረቅ ሁሉም ይሰበሰባል፣ ኬክ ይቆረሳል። ከስድስት ወር በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ሲወድቅ ተነስቶ የሚያስተካክለውን ልጅ ግን ማንም አያውቀውም።

ከዚያ ደግሞ ጦርነት መጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሰው ለሕይወቱ ሲሰጋ፣ አረም የሚያስታውስ አይኖርም። «ጣና ኬኛ» ብለው አብረው ጭቃ የረገጡት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ፣ ስለ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚያስቡ ማሰብ ያሳምመኛል። አንድነቱም እንደ ሐይቁ ነበር መሰለኝ። በደቦ አጸዳነው፣ ተመልሶ የሚያየው ግን ጠፋ።

የሌሎች ሙከራ

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እንቦጭ ተነሳ፤ ወደቦች ተዘጉ፣ ጀልባዎች ቆሙ። የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ሰዎችም በእጃቸው ነቀሉ፣ በማሽን አጨዱ። በመጨረሻ ከአረሙ አገር ከደቡብ አሜሪካ የተገኙ፣ እንቦጭን ብቻ የሚበሉ ሁለት ዓይነት ትናንሽ ጥንዚዛዎች ተራብተው ተለቀቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አረሙ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። የአየር ጠባዩም ሳያግዝ አልቀረም። እነዚሁ ጥንዚዛዎች በእኛም አገር ወንጂ ላይ ለምርምር ተራብተዋል። ግን ቪክቶሪያም ላይ ቢሆን አረሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ በኬንያ በኩል እንደገና ብቅ ብሏል። ጥንዚዛው ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ ሰው የማይችለውን መመላለስ በሰው ፋንታ መመላለስ።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ሞከረች። አፓርታይድ ባበቃ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በውሃ ሚኒስትሩ ካደር አስማል ጊዜ የተጀመረ መርሐ ግብር ሥራ አጥ ሰዎችን እየቀጠረ፣ ደመወዝ እየከፈለ መጤ ዛፎችንና አረሞችን ያስነቅላል። እዚያ አንድ ቦታ አንዴ ተመንጥሮ «ጸዳ» አይባልም። ክትትሉ፣ ማለትም በሚቀጥለው ዓመትና ከዚያም በኋላ መመለሱ፣ ከሥራው ጋር አብሮ ይታቀዳል። ወንፈልን በጀት መድበው ሠሩት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ ሕዝብ ስለ መጤ አረም ከባለሙያው ያልተናነሰ ያውቃል፤ ስም አወጣጡን ብቻ ተመልከቱ። አፋር ውስጥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በረሃን ይከላከላል ተብሎ የተተከለው ባለ እሾህ ዛፍ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ። ሌላው «ወያኔ» ይለዋል። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ተብሎ የሚታመነውን ቅንጨ አረም ደግሞ በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያደርግ። ሕዝቡ አረሙን በበደለው ነገር ስም ይጠራዋል። ሁሉም ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ በመልካም ሐሳብ ወይም በግዴለሽነት ገቡ፣ ሲገቡ ተመልሶ ያያቸው አልነበረም።

ሀዋሳ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ካርታ ዘርጉና ስምጥ ሸለቆን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት። በሰሜን ቆቃ፦ እንቦጭ አለ። ዝቅ ሲል ዝዋይ፦ አለ። በደቡብ በኩል ዓባያ፦ አለ። ሀዋሳ መሐል ላይ ናት።

የእኛ ሐይቅ ትንሽ ነው፤ ዘጠና ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣና ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ አንድ ነው፤ ጥቁር ውሃ። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ገባርም ሆነ ጎርፍ ያመጣው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ፣ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከተራራው የሚወርደው አፈር። ለእንቦጭ ይህ ሁሉ ቀለብ ነው።

መውጫ የሌለው መሆኑ አንድ ጥቅምም አለው። ከቆቃ ወይም ከዓባያ ተንሳፎ የሚመጣ አረም የለም፤ ወንዝ አያገናኘንም። ከመጣ በሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ከሌላ ሐይቅ ተጭኖ በመጣ ጀልባ፣ ሳይታጠብ በመጣ መረብ፣ «ለኩሬዬ ያምራል» ብሎ በላስቲክ ባመጣው ሰው። በሩ ጠባብ ነው። ጠባብ በር ደግሞ ይጠበቃል።

እና ሌላ ዘበኛ ነበረን። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት ጨለለቃ ላይ ያርፍ ነበር። ጨለለቃ በ1960ዎቹ ሐይቅ ነበረች፤ ዛሬ በደለል ተሞልታ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆናለች። ከሐይቅነት ብትወጣም ረግረጓ አሁንም ደለሉን ትይዛለች፣ ውሃውን ታጣራለች። በሐይቁ ዳር ያለው ፊላና ቄጠማም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋል፤ ጎርፉን ያበርዳል፣ ደለሉን ይይዛል፣ የዓሣውን ጫጩት ይሸሽጋል። የዚያን ቅዳሜ እኛ ሃያ ልጆች ቲሸርት ለብሰን በዘመቻ የነቀልነው ይህንን ነው። ወራሪውን ለመከላከል ወጥተን ዘበኛውን ገደልነው።

አሁን የምናደርገው

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቡድኑ ተበተነ። አሥራ ሁለቱ አልተመለሱም፤ አልፈርድባቸውም፣ ውርደቱ ከባድ ነበር። ስምንታችን ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ፍለጋ ሄድን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። ሳቁብን። ከዚያ «እንግዲህ መጀመሪያ ስማቸውን ተማሩ» አሉን።

ስለዚህ ተማርን። ከሁለት ወር በላይ ምንም አልነቀልንም። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ያው የማባዛት ሰንጠረዡን አስባችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን የተወሰነች የሐይቅ ዳር በእግራችን እንሄዳለን። ሁልጊዜ ያችኑ ቦታ። ፊላ ይኸው፣ ቄጠማ ይኸው፣ በዳር በኩል የወፍ ቆሎ ይኸው። የወፍ ቆሎውን፣ እሱ መጤ ነውና፣ ሳያብብ ከሥሩ እንነቅላለን። ቅንጨ አረምም ካገኘን እንዲሁ፤ እሱን በጓንት። የተነቀለው ቦታ ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደበቀለ እናያለን። እኔ ቀላል ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ፤ ቀን፣ ቦታ፣ የታየው፣ የተነቀለው። አፕ እንኳን አይደለም። በሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ «እንቦጭ» የሚል አምድ አለ። እዚያ ላይ ዜሮ መጻፍ ነው የእኛ ሥራ። በጣም የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ፎቶ አይወጣለትም። «ዛሬም ምንም አልተገኘም» ብሎ ምን ይለጠፋል?

ግን አስቡት። በጣና ዳር፣ መገጭ አፍ ላይ፣ የመጀመሪያዋ ቁራጭ በታየችበት ሳምንት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያልፍ ስምንት ሰው ቢኖርና ያ ስምንት ሰው እንዲነቅል የሚያግዘው ቢያገኝ ኖሮ፣ የ2010 ዘመቻ ላያስፈልግ ይችል ነበር። «ጣና ኬኛ» የሚባል የሚያምር ታሪክም አይኖረን ነበር ይሆናል። እኔ በግሌ ልውውጡን እቀበላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንዷ ታማ፣ ሌላው ፈተና ይዞት፣ ሌሎቹ ለቅሶ ሄደው። ዝናብ ጀምሯል። «ዛሬ እንተወው?» አልኩት ጓደኛዬን። ስልኩን አውጥቶ ሰንጠረዡን አሳየኝ። የስድስቱ የቀሩ ሰዎች ስም ፊት ለፊት «ዕዳ» ብሎ ጽፎበታል።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሽማግሌው ከመረባቸው ቀና ብለው አዩን፣ ምንም አላሉም። እኛም ያችን ቦታ ዳር እስከ ዳር ሄደን፣ ዜሮ ጽፈን ወጣን።